«ስዋንሲ» ወይስ «ስዎንዚ»? የአንድ የዌልስ ከተማ ስም በአፍና በወረቀት ላይ

ጥያቄ፦ «በመጪው መስከረም ለማስተርስ ወደ ስዋንሲ እሄዳለሁ። ለንደን የሚኖረው ወንድሜ ‹ስዋን› እና ‹ሲ› ብለሽ ለያይተሽ ጥሪው፣ ትርጉሙ የስዋን ባሕር ማለት ነው ብሎኛል። ስልክ ላይ እንደዚያ ብዬ ስናገር ግን ደጋግመው ‹ምን አልሽ?› ይሉኛል። ዌልሾች ደግሞ አበርታዌ ይሉታል አሉ። ፎርም ላይ የቱን ልጻፍ? ሀገሩን ‹እንግሊዝ› ብዬ ልሙላ? በአማርኛ ስጽፍስ እንዴት ይሻላል?»

ምላሽ፦ ስሙን «ስዋን» እና «ሲ» ብሎ መክፈል ስህተት ነው፤ ትርጉሙም የስዋን ባሕር አይደለም። በእንግሊዝኛ የሚጠራው «ስዎንዚ» ተብሎ ነው። ሁለት ክፍለ ቃል አለው፣ ጉልበቱ በሙሉ የመጀመሪያው ላይ ያርፋል፣ መሐል ላይ የሚሰማውም «ዝ» እንጂ «ስ» አይደለም። የተቀረው ሁሉ፣ ሆሄው፣ ፎርሙና አድራሻው፣ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ይህ «ዝ» ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በእንግሊዝኛ «ስዋን» ከምትባለው፣ ረጅም አንገት ካላት ነጭ የውሃ ወፍ አይደለም። ስሙ የቫይኪንጎች ቋንቋ ከነበረው ከጥንቱ ኖርስ የመጣ ነው። «ስቬይን» የሰው ስም ነው፤ «ኤይ» ደግሞ ደሴት ማለት ነው። ሲገጣጠሙ «የስቬይን ደሴት» ይሆናሉ። ደሴት የተባለው በታዌ ወንዝ አፍ አካባቢ የነበረ መሬት እንደሆነ ይገመታል። በኖርስ ባለቤትነትን የምታሳየው «ስ» ከሰውየው ስም ጋር ተጣብቃ ስለምትሄድ የቃሉ መገጣጠሚያ ከ«ስ» በኋላ ነው እንጂ ከእሷ በፊት አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቻርተር ላይ የተገኘው አጻጻፍ ገና «ስዌይን» የሚለውን የሰው ስም በግልጽ ያሳያል። ከጊዜ በኋላ ሆሄው የወፏን ስምና «ባሕር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መሰለ፤ ከተማዋ የባሕር ዳርቻ ላይ መሆኗ ደግሞ ሰውን ይበልጥ አሳመነ። የእግር ኳስ ክለቡም ወፏን ዓርማው ስላደረጋት ግምቱ ጸና። ወንድምዎ የደረሱበት ትርጉም ከሆሄው የተነሣ ነው፤ ብዙ እንግሊዛውያንም እንደዚሁ ያስባሉ። ልዩነቱ እንግሊዛውያኑ ትርጉሙን ቢሳሳቱም ስሙን በትክክል መጥራታቸው ነው።

«ዝ» የሚሰማው በዚህ ስም ላይ ብቻ አይደለም። በዚሁ የኖርስ «ኤይ» የሚያልቁ ሌሎች የደሴት ስሞችም አሉ። በእንግሊዝ ቻናል ላይ ያሉት ሁለቱ ደሴቶች «ጀርዚ» እና «ገርንዚ» ናቸው፣ በዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ ያለችው ደሴት «ራምዚ» ትባላለች። እኛ በአማርኛ ኒው ጀርሲ እያልን የምንጽፋት የአሜሪካ ግዛት እንኳ በባለቤቶቿ አፍ «ኒው ጀርዚ» ናት። በአንጻሩ ሰሜን ዌልስ ያለችው ደሴት «አንግልሲ» ስትባል «ስ»ን ይዛ ቀርታለች፣ «ቼልሲ»ም እንደዚያው። ስለዚህ ሆሄን አይቶ መገመት አያዋጣም፣ እያንዳንዱን ስም ለብቻው መያዝ ነው። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ትልቁ ወጥመድ ደግሞ ይኸው ቼልሲ ነው። ቼልሲን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው በተመሳሳይ ሆሄ የሚያልቀውን ሌላ ስም ሳያስበው «ሲ» ብሎ ይጨርሰዋል።

ድምፁን ለማውጣት የሚከተለውን ይሞክሩ። የወፏ ስም በብዙ ቁጥር «ስዎንዝ» ይባላል። እሱን ብቻ ይበሉ፣ «ዝ»ዋ ላይ ትንሽ ይቆዩ፣ ጣትዎንም ጉሮሮዎ ላይ ያድርጉ። ንዝረት ከተሰማዎት ድምፁ ነዛሪ ነው፣ ማለትም ትክክል ነው። ንዝረቱ ከጠፋ ወደ «ስ» ተመልሰዋል ማለት ነው። አሁን ንዝረቱን ሳያቋርጡ አጭር «ኢ» ይጨምሩበት፦ «ስዎንዝ»፣ «ስዎንዝ‑ኢ»፣ «ስዎንዚ»። ከስሙ ትርጉም ጋር ወፏ ምንም ባይኖራትም ለአፍ ማሟሻ ታገለግላለች።

ቀጥሎ አናባቢው ነው። ሆሄው ላይ የሚታየው «ኤይ» የተባለው ፊደል ሲሆን እኛ ብዙ ጊዜ «ኣ» እያልን እናነበዋለን፤ «ስዋን» የሚለው አነባበብ የመጣውም ከዚያ ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን ይህ ፊደል ከ«ው» ድምፅ ቀጥሎ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ «ኦ» የቀረበ አጭር ድምፅ ይሆናል። «ዎት»፣ «ዎንት»፣ «ዎች»፣ «ስዎፕ»፣ «ክዎሊቲ» የሚባሉትን ቃላት ያስቡ፤ ሁሉም የሚጻፉት በዚያው ፊደል ነው። ለውጡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተስፋፋ ነው፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ «ው» ማለት ተከታዩን አናባቢ ወደ ራሱ ስለሚስበው። ከአናባቢው ቀጥሎ «ክ» ወይም «ግ» ሲመጣ ግን ለውጡ አልተደረገም፤ «ዋክስ» እና «ዋግ» የሚባሉት ለዚህ ነው። የእኛ «ኦ» ትንሽ ከፍና ክብ ይላል፣ የእነሱ አፍን ከፈት አድርጎ አጠር ይላል። ሆኖም «ዎ» ቢሉ ከበቂ በላይ ይግባባሉ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ «ስዋንዚ» ሲሉ ቢሰሟቸው አልተሳሳቱም፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይህ አናባቢ ወደ «ኣ» ያደላል። ስለዚህ «ዋ» የአነጋገር ልዩነት ሲሆን «ሲ» ግን ስህተት ነው። አንዱን ብቻ ለማረም ጊዜ ካለዎት «ዝ»ን ያርሙ።

የቃሉ መነሻ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። «ስ» እና «ው» ያለ አናባቢ ሲገጣጠሙ ብዙዎቻችን መሐል ላይ «እ» እናስገባና «ስእዎንዚ»፣ ወይም ከፊት እንጨምርና «እስዎንዚ» እንላለን። ያን ጊዜ ሁለት ክፍለ ቃል የነበረው ስም ሦስት ይሆናል፣ ጉልበቱም ይዛነፋል። ነገር ግን ይህንኑ ጥምረት በየቀኑ እንጠራዋለን፣ «እሷ» ስንል። «እሷ» ይበሉና «እ»ን ቀስ በቀስ እያጠፉ «ሷ» ብቻ ያስቀሩ፤ በ«እሷ» ውስጥ የሚጠብቀውን «ሷ» ግን ያላሉት። «ሷን» ይበሉ። ከዚያ አፍዎን ክብ አድርገው ወደ «ኦ» ያጨልሙት። የፈለግነው መነሻ ይኸው ነው። ከንፈርዎ «ስ»ን ሲጀምሩ ጀምሮ መሞጥሞጥ አለበት፣ «ስ» ካለቀ በኋላ አይደለም። በመስታወት ቢያዩት ልዩነቱ ወዲያውኑ ይታያል።

መጨረሻ ላይ የቀረው ክብደት ነው። አማርኛ ክፍለ ቃላትን በተቀራራቢ ጉልበት ይጠራል፣ እንግሊዝኛ ግን አንዱን አንሥቶ ሌላውን ይጥላል። «ስዎን» ጠንከር ይበል፣ «ዚ» አጭርና ቀላል ይሁን፣ እንደ «ሲቲ» መጨረሻ። «ባሕር» ማለት እንደሆነው የእንግሊዝኛ ቃል አይጎተትም። «ን»ም ሆነ «ዝ» አይጠብቁም፣ ሁለቱም ላልተው ይነገራሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ግር ሊልዎት ይችላል፦ የደቡብ ዌልስ አነጋገር ዜማ ከጠንካራው ክፍለ ቃል በኋላ ያለውን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ የአካባቢው ሰው ሲጠራው «ዚ» ላይ የወጣ ይመስላል። ከፍ ያለው ዜማው ነው፣ ጉልበቱ አሁንም «ስዎን» ላይ ነው። ዜማውን ለመቅዳት አይድከሙ፣ ከቆዩ በራሱ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ስልክና የባቡር ጣቢያ መስኮት ላይ ሰሚው የአፍዎን ቅርጽ አያይም፣ አውዱንም አያውቅም። ከለንደን ፓዲንግተን ወደ ስዎንዚ የሚሄደው ባቡር መንገድ ላይ «ስዊንደን» የምትባል የእንግሊዝ ከተማ አለች። ሁለቱም በ«ስው» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም መሐላቸው «ን» አለ። አናባቢው ከደበዘዘና «ዚ» ካልተለየ ሰሚው ወደ ቀረበው ስም ይስበዋል። ስዊንደን ከለንደን አንድ ሰዓት ገደማ ናት፣ ስዎንዚ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፣ ካርዲፍንም አልፎ ነው። ትኬት ሲይዙ የታተመውን ስም ዓይንዎ ይየው።

ስልክ ላይ ሆሄውን አንድ በአንድ መናገር ካስፈለገ ሰባት ፊደል ነው፦ ኤስ፣ ደብሊው፣ ኤይ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ኢ፣ ኤይ። እዚህ ላይ ብዙ አበሻ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ፊደል «ኤ» ብሎ አሳጥሮ ሲጠራ ነው፤ እንግሊዛዊው ያንን «ኢ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። መጨረሻው ላይ «ይ»ን ያሰሙ፣ «ኤይ»። ጥርጣሬ ካለ በአቪዬሽን ፊደላት ይናገሩ፦ ሲዬራ፣ ዊስኪ፣ አልፋ፣ ኖቬምበር፣ ሲዬራ፣ ኤኮ፣ አልፋ። ሲጽፉ የሚደጋገሙት ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ማቀያየር ነው። ሌላው ስሙን እንደተጠራ ለመጻፍ «ዜድ» ማስገባት ነው። ድምፁ «ዝ» ቢሆንም ፊደሉ ሁልጊዜ «ኤስ» ነው፤ ባንክና ቪዛ ላይ አንድ ፊደል መለወጥ ሰነድ ከሰነድ እንዳይገጥም ያደርጋል።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ ስሙ ከፊቱ «ዘ» አይፈልግም። በከተማዋ መኖርን ሲናገሩ «ኢን» ይጠቀሙ። «አት» የሚሉት ዩኒቨርሲቲውን ወይም የባቡር ፌርማታውን ሲያስቡ ነው፤ «አት ስዎንዚ» እማራለሁ ቢሉ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ይረዳል። «ስዎንዚ ሲቲ» ደግሞ ከተማው አይደለም፣ የእግር ኳስ ክለቡ ነው። በ1912 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ስዎንዚ ታውን» ተብሎ ተመሠረተ፣ ከተማዋ በ1969 የከተማነት ማዕረግ ካገኘች በኋላ ስሙን ቀየረ። ከ2011 እስከ 2018 ፕሪሚየር ሊግ ስለቆየ ከኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ስሙን መጀመሪያ ያወቁት ከዚያ ነው፣ ለዚህም «ስዋንሲ ሲቲ እኖራለሁ» ማለት ይቀናቸዋል። የሰሚው ጆሮ ላይ ኳስ ሜዳ ውስጥ እኖራለሁ እንደማለት ነው የሚሆነው። በብሪታንያ «ወደ ስዎንዚ ላኩት» የሚል ሰው ከሰሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ መንጃ ፈቃድና ተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ፣ ስለ ዲቪኤልኤ ነው፤ ዋና ቢሮው እዚያ፣ ሞሪስተን ሰፈር ውስጥ ስለሆነ ስሙ የመሥሪያ ቤቱ ምትክ ሆኗል። ለነዋሪዎቹ «ጃክ» የሚል ቅጽል ስም አለ፣ በተለይ በኳስ ደጋፊዎች ዘንድ። እንግዳ ሆነው አይጠቀሙበት፣ «ፍሮም ስዎንዚ» ይበቃል።

አሁን ወደ ዌልሹ ስም። «አቤርታዌ» ትርጉም አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ስም ነው። «አቤር» የወንዝ አፍ ማለት ነው፣ «ታዌ» ከተማዋን አቋርጦ ባሕር የሚገባው ወንዝ ነው። አንዱ ስም ከባሕር በኩል በመጡት ሰዎች የተሰጠ ነው፣ ሌላው ወንዙን ይዘው ከኖሩት። ለእኛ ዌልሹ ከእንግሊዝኛው ይቀላል፣ ምክንያቱም እንደተጻፈ ይነበባል፣ «ር»ም እንደ አማርኛው ይንቀጠቀጣል። ጉልበቱ የዌልሽ ደንብ እንደሚለው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው፦ አ‑ቤር‑ታው‑ኤ። «ታው» እንደ «ታውቃለች» መጀመሪያ ነው። ይህንን ስም መንገድ ምልክት ላይ፣ አውቶቡስ ላይ፣ በባቡር ማስታወቂያም ያገኙታል፣ ብዙ ጊዜም ከእንግሊዝኛው በላይ ተጽፎ። ምልክቱ ሁለት ከተማ እያመለከተዎት አይደለም።

በእንግሊዝኛ እየተናገሩ የእንግሊዝኛውን ስም መጠቀም ማንንም አያስቀይምም። በዌልስ አንዳንድ ቦታዎች የዌልሹ ስም ይበልጥ እንዲያገለግል ተወስኗል፤ ለምሳሌ በተራሮቹ የሚታወቀው ብሔራዊ ፓርክ ከ2022 ጀምሮ «ኤሪሪ» መባልን መርጧል። ስዎንዚ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላደረገችም፣ የራሷ ምክር ቤትም ሁለቱን ጎን ለጎን ይጠቀማል። ዌልሽ እየተማሩ ከሆነ በዌልሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አቤርታዌ ይበሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ድረ ገጽ ሲከፍቱ ሁሉ ነገር በዌልሽ ቢመጣ ከላይ «ሳይስኔግ» የሚል ቃል ይፈልጉ፣ እንግሊዝኛ ማለት ነው። ፎርም ላይ ግን የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ይጻፉ። በዌልሹ ስም የተጻፈ ፖስታም ይደርሳል፤ ሆኖም የባንክ፣ የቪዛና የቤት ኪራይ ወረቀት ላይ አድራሻው ፊደል በፊደል አንድ መሆን ስላለበት አንዱን ይዘው እስከ መጨረሻው በእሱ ይጽኑ።

ሀገሩን «እንግሊዝ» ብለው አይሙሉ። ስዎንዚ ዌልስ ውስጥ ናት፣ በ2021 ቆጠራ ወደ 238,500 ነዋሪ ነበራት፣ ከካርዲፍ ቀጥላ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። ዝርዝሩ «ዩናይትድ ኪንግደም» ካለው እሱን፣ አራቱን ሀገሮች ለይቶ ከጠየቀ «ዌልስ»ን ይምረጡ። ይህ ለስሜት ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም። ጤናና ትምህርት በዌልስ የሚተዳደሩት ለብቻ ነው፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት፣ ለምሳሌ፣ ዌልስ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ክፍያ የለውም፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን ብዙ አዋቂ ይከፍላል። የተሳሳተውን ሀገር መምረጥ ወደ ተሳሳተው አገልግሎት ያደርስዎታል።

አድራሻ ሲጽፉ የቤት ቁጥርና መንገድ፣ ቀጥሎ ሰፈር፣ ከዚያ የከተማዋ ስም በትልልቅ ፊደላት፣ በመጨረሻ ለብቻው መስመር ላይ ፖስት ኮዱ ይመጣል። የአካባቢው ኮድ በ«ኤስኤ» ይጀምራል። ግን በኤስኤ የሚጀምር ሁሉ ስዎንዚ ውስጥ አይደለም፤ እስከ ፔምብሩክሽር ድረስ በምዕራብ ያለው አገር በዚያው ይጀምራል። ቤት ሲፈልጉ ኤስኤ1 እና ኤስኤ2 ለመሐል ከተማውና ለተማሪ ሰፈሮች፣ ለብሪንሚልና ለአፕላንድስ፣ ቅርብ ናቸው። ሌላው ግር የሚል ነገር የዩኒቨርሲቲው የባሕር ዳር ካምፓስ በፖስታ አድራሻው ስዎንዚ ቢሆንም በአስተዳደር የጎረቤቱ የኒዝ ፖርት ታልቦት ክልል ውስጥ መሆኑ ነው። የምክር ቤት ጉዳይ ሲመጣ የፖስታውን ስም ሳይሆን ፖስት ኮዱን ድረ ገጹ ላይ አስገብተው የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ያረጋግጡ። ተቀባይነት ያገኙበትን የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤም ደግመው ያንብቡ፦ «ስዎንዚ ዩኒቨርሲቲ» አንድ ተቋም ነው፣ በከተማዋ ካምፓስ ያለው «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዌልስ ትሪኒቲ ሴንት ዴቪድ» ሌላ ነው። ካርታና ሆቴል ሲፈልጉም ከስሙ ጋር «ዌልስ» ይጨምሩ፤ በማሳቹሴትስ፣ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስና በታዝማኒያ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቦታዎች አሉ። የአውስትራሊያው በተለይ ያሳስታል፣ ግዛቱ ራሱ ስሙ ውስጥ «ዌልስ» የሚል ስላለበት «ዩኬ»ንም ይጨምሩ።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ የስፖርት ዜናው «ስዋንሲ»ን አስለምዶናል፤ ለምን እንደመጣ ይገባኛል፣ ከሆሄ የተነበበ ነው። እኔ ግን «ስዎንዚ» ብለው እንዲጽፉ እመክራለሁ። ፊደላችን «ዎ»ንም «ዚ»ንም አሟልቶ ይዟል፣ እንደ ሌሎች ፊደላት ድምፁን ለመጻፍ አይቸገርም። ይህን እድል ትቶ የሌላ ቋንቋ ሆሄ የፈጠረውን ስህተት መቅዳት ያሳዝናል። ጽሑፉ ለብዙ አንባቢ ከሆነ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «በተለምዶ ስዋንሲ የምትባለው ስዎንዚ» ይበሉ፣ ከዚያ በኋላ «ስዎንዚ» ብቻ። የተረጋገጠ ትርጉም ለሚጠይቅ ሰነድ፣ እንደ ልደት ወይም ጋብቻ ማስረጃ ላለው፣ ከአማርኛው አጠገብ የእንግሊዝኛው ስም በራሱ ፊደል እንዲቀመጥ ተርጓሚውን ይጠይቁ። ከአማርኛው ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው በግምት «ዜድ» ያስገባና ስሙን ያበላሸዋል።